የብረት እጦት የወለዳት መኪና

የዚህ ዓመታዊ መጽሔት አዘጋጆች ከሙያችን ታሪክ አንዱን ምዕራፍ መርጬ እንድጽፍ በጠየቁኝ ጊዜ፣ ከእኔ የጠበቁት የአንድ ድልድይ ወይም የአንድ ግድብ ታሪክ ሳይሆን አይቀርም። በሙያዬ የመዋቅር መሐንዲስ በመሆኔ ይህን ቢጠብቁ አያስደንቅም። ይሁን እንጂ ያለፈውን በጋ ቅዳሜና እሑዱን ሁሉ ያሳለፍሁት አዲስ አበባ ውስጥ፣ በአንድ ወዳጄ ቤተሰብ ግቢ፣ ከአንዲት የዛገች አሮጌ ፒክ አፕ ሥር ተጋድሜ ነው። ስለሆነም ከዚያች መኪና የተማርሁትን ታሪክ ማቅረቡን መረጥሁ። አንባቢ ነገሩን እንደ ትርፍ ጊዜ ጨዋታ እንዳይቈጥርብኝ አደራ እላለሁ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር መሆናቸውንም ከወዲሁ አስታውቃለሁ።

መኪናይቱ ላንድሮቨር ናት፤ 109 ኢንች የሚባለው ረጅሙ ዓይነት፣ ከኋላ ለጭነት የሚሆን ስፖንዳ ያላት፣ በ1960ዎቹ የተሠራች። የወዳጄ አባት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ሾፌር ሆነው ለብዙ ዓመታት ሲነዷት ኖረው፣ መሥሪያ ቤቱ በጨረታ ሲሸጣት ራሳቸው ተጫርተው ገዟት። ከዚያ ወዲህ ከመቂ ሽንኩርትና ቲማቲም እያመላለሱባት አራት ልጆች አሳደጉ። እሳቸው ካረፉ በኋላ ግን መኪናይቱ ከግቢው ጥግ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር፣ ዐሥራ አንድ ክረምት ቆመች። ጎማዎቿ ተንፍሰው ቸርኬዋ መሬት ነካ፤ ዶሮዎችም በስፖንዳዋ ውስጥ ዕንቁላል መጣል ጀመሩ።

ባለፈው ኅዳር እናቱ ሁለታችንንም አስጠሩን። «ልጆቼ፣ የጡረታው ብር ወር አያደርሰኝም፤ እዚህ ቦታ ላይ ሁለት ክፍል ሠርቼ ላከራይ ነው። ክረምቱ ሳይገባ ይህ ብረት በእግሩ ይውጣ፤ አለዚያ ለቁራሌዎቹ እሰጠዋለሁ» አሉን። ነገሩ ማስፈራራት አልነበረም። ብረት ገዢዎቹ ቀደም ብለው መጥተው አይተዋታል፤ እዚያው ግቢ ውስጥ በኦክሲጅን ቈራርጠው በኪሎ ሊወስዷት ዋጋ ተነጋግረዋል። ወዳጄ በዚያ ሰዓት አንዳች አልተናገረም። ማታ ግን ቤቴ ድረስ መጥቶ፣ «ከእኔ ጋር ትሠራለህ ወይስ አትሠራም?» ብሎ ጠየቀኝ። እሱ የሒሳብ ሠራተኛ ነው፤ እኔም ከመኪና ይልቅ ኮንክሪት የማውቅ ሰው ነኝ። እሠራለሁ አልሁት።

የመጀመሪያውን ቅዳሜ በምርመራ ፈጀነው። መዶሻ ይዘን ከፊት እስከ ኋላ እያንኳኳን ስንሄድ አንድ እንግዳ ነገር አስተዋልን። ዝናብና ፀሐይ የሚመታው የላይኛው አካል፣ ይኸውም ኮፈኑ፣ ፓራፋንጎው፣ የበሮቹና የስፖንዳው ላሜራ፣ ቀለሙ ከመገርጣቱና እዚህም እዚያም ከመጐድጐዱ በቀር ደኅና ነበር። ከሥር ሆኖ ሁሉን የተሸከመው ሻንሲ ግን በስብሷል፤ በተለይም በኋላው አግዳሚ ላይ መዶሻው እንደ ደረቅ ቂጣ ሰብሮት ገባ። በብዙ መኪኖች ላይ የሚታየው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ስሱ ላሜራ አስቀድሞ ያልቃል፣ ወፍራሙ ሻንሲ ግን ይሰነብታል። በዚህች መኪና ላይ ቆዳው የጎረምሳ፣ አጥንቱ የሽማግሌ ሆኖ መገኘቱ ከየት የመጣ ነው? መልሱን ለማግኘት እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት ድረስ ወደ ኋላ መመለስ ግድ ነው።

ሮቨር የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ከጦርነቱ በፊት በኮቨንትሪ ከተማ፣ ኑሮው ደኅና ለሆነ ሰው የሚስማሙ አውቶሞቢሎች ይሠራ ነበር። በኖቬምበር 1940 የጀርመን አውሮፕላኖች ኮቨንትሪን በቦምብ ሲደበድቡ የኩባንያው ፋብሪካ ክፉኛ ተጐዳ። ሰላም ከወረደ በኋላ ኩባንያው ወደ ሶሊኸል ተዛወረ፤ ይህም በጦርነቱ ጊዜ መንግሥት የአውሮፕላን ሞተር ይሠራበት ዘንድ ያቋቋመው ትልቅ ፋብሪካ ነበር። ቤቱ ሰፊ ነበር፤ ሠራተኛው ብዙ ነበር፤ የጠፋው ብረት ነው። ጦርነቱ ያደኸያት እንግሊዝ የውጭ ምንዛሪ ለማግኘት ትታገል ስለነበር፣ መንግሥት ብረትን በኮታ የሚያድለው በተለይ ምርቱን ወደ ውጭ አገር ለሚሸጥ ፋብሪካ ነበር። የሮቨር አውቶሞቢሎች ደግሞ ከአገራቸው ውጭ ያን ያህል ገበያ አልነበራቸውም።

የኩባንያው ዋና መሐንዲስ ሞሪስ ዊልክስ በአንግልሲ ደሴት መሬት ነበረው፤ በዚያም ከጦር ሠራዊት የተረፈች የአሜሪካ ጂፕ እንደ እርሻ መሣሪያም እንደ መጓጓዣም ይጠቀምባት ነበር። የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ የነበረው ወንድሙ ስፔንሰር፣ ይህች ጂፕ ያለቀች ዕለት ምን ልትገዛ ነው ብሎ ቢጠይቀው፣ ሌላ ጂፕ ነዋ፣ ሌላ ምን አለ ብሎ መለሰለት ይባላል። ወሬው ከተደጋገመ ብዛት ጥቂት ሳይለሰልስና ሳያምር አልቀረም፤ ሆኖም የሐሳቡን አነሣሥ በትክክል ያሳያል። የመጀመሪያዋ የሙከራ መኪና በ1947 በጂፕ ሻንሲ ላይ ተሠራች፤ መሪዋም እንደ ትራክተር መካከል ላይ ነበር። መሪው ኋላ ወደ ጎን ቢዛወርም፣ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ያለው ርቀት ግን ልክ እንደ ጂፕ 80 ኢንች ሆኖ ቀረ። ላንድሮቨር የሚል ስም ይዛ በኤፕሪል 30 ቀን 1948 በአምስተርዳም የአውቶሞቢል ትርኢት ለሕዝብ ቀረበች፤ ዋጋዋም 450 ፓውንድ ነበር። አለቆቹ ያሰቧት የክፉ ቀን መሻገሪያ እንድትሆን ብቻ ነበር፤ ብረት እንደ ልብ ሲገኝ ወደ ቀድሞው አውቶሞቢላቸው ሊመለሱ።

አካሏ ለምን ከብረት እንዳልተሠራ አሁን ግልጽ ነው። ብረት ሲጠፋ አሉሚኒየም ነበረ፤ ያ ሁሉ የጦር አውሮፕላን ሲሠራበት የነበረው ኢንዱስትሪ በሰላሙ ጊዜ ፈላጊ አጥቶ ነበርና። የተመረጠው ቢርማብራይት የተባለው ከማግኒዚየም ጋር የተቀላቀለ አሉሚኒየም ነው። ክብደቱ በብረት ሲመዘን ሲሶ ያህል ነው፤ አየር ሲነካው በራሱ ላይ ስስ ሽፋን ስለሚያበጅ እንደ ብረት ዝጎ አይረግፍም። ለቅርጽ ማውጫ የሚሆን ውድ መሣሪያ ለማሠራትም ገንዘቡ አልነበረም፤ ከዚህም የተነሣ አካሉ በአብዛኛው ዝርግና በቀላሉ የሚታጠፍ ላሜራ ሆነ። ዛሬ አላፊ አግዳሚው «ጠንካራ መልክ» እያለ የሚያደንቀው ያ ቀጥ ያለ ጎንና ማዕዘን፣ የሠዓሊ ምርጫ ሳይሆን የገንዘብ ያዥ ትእዛዝ ነበር።

ሻንሲው ግን ከአሉሚኒየም ሊሠራ አይችልም፤ በእሱ ላይ የነበረው ችግር ከዚህ የባሰ ነው። የጭነት መኪና ሻንሲ በተለመደው አሠራር፣ ረዘም ያለውን ብረት ፕሬስ በሚባለው ከባድ መጭመቂያ አጥፎ የተገለበጠ ሣጥን ቅርጽ በማስያዝ ይሠራል። ለዚህ የሚሆን መጭመቂያና ቅርጽ ማውጫ ማዘጋጀት፣ ለሁለት ሦስት ዓመት ብቻ ለታሰበች መኪና የማይሞከር ነበር። የሶሊኸል መሐንዲሶች ያገኙት መላ ይህ ነው፦ ዝርግ ላሜራ በጠባብ በጠባቡ ይቈርጣሉ፤ አራቱን፣ ማለት ሁለቱን ጎኖች፣ ላዩንና ታቹን፣ በመያዣ ውስጥ አሰናድተው በአራቱም ጠርዝ ይበይዳሉ፤ የሚወጣው አራት ማዕዘን ሣጥን ነው። የሻንሲው መጐበጥና መቃናት ሁሉ የሚገኘው ከሁለቱ የጎን ላሜራዎች አቈራረጥ ነው፤ ላዩና ታቹ ያንን ተከትለው ይታጠፋሉ። ላሜራው ውፍረቱ ሁለት ሚሊሜትር ገደማ ቢሆንም፣ የተዘጋ ሣጥን መጠምዘዝን ምን ያህል እንደሚቋቋም የመዋቅር ትምህርት የተማረ ሁሉ ያውቀዋል። ድልድይ ለሚሠራ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። እኔ ግን ሻንሲውን በብረት ብሩሽ እየፈገፈግሁ አራቱን የብየዳ መስመሮች አንድ በአንድ በጣቴ እስክዳስሳቸው ድረስ፣ ይህን በመኪና ሥር አገኘዋለሁ ብዬ አላሰብሁም ነበር።

የሣጥኑ ጥንካሬ የበሽታውም ምክንያት ነው። ክፍት ቅርጽ ውኃውን ያፈሳል፤ የተዘጋ ሣጥን ግን በየቀዳዳው የገባውን ጭቃ ይዞ ይቀመጣል። ጭቃው ከላይ ደርቆ ከውስጥ እርጥበት ስለሚይዝ፣ ብረቱ በጋውንም ክረምቱንም ሳያቋርጥ ይበላል። ከኋላው አግዳሚ ውስጥ ብቻ ሁለት ጣሳ ሙሉ አፈር አወጣን፤ ቀዩ የመንገድ አቧራ፣ ጥቁሩ የመቂ አፈርና የሽንኩርት ገለባ በየተራው ተነባብሮ ነበር። ወዳጄ ገለባውን በእጁ ይዞ ብዙ ቆየ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ለሽያጭ ከሚሆኑት አስቀድሞ ለሙከራ የታቀዱት አርባ ስምንቱ ላንድሮቨሮች ሲሠሩ፣ ሻንሲያቸው በቀለጠ ዚንክ ተነክሮ ነበር። የቤታችን ጣሪያ ቆርቆሮ ለብዙ ዓመታት የሚቆየው በዚሁ ዘዴ ነው። ለገበያ የሚሆነው ሥራ ሲጀመር ግን ዚንኩ ቀርቶ ሻንሲው ቀለም ብቻ ይቀባ ጀመር። ስለዚህ መሐንዲሶቹ መድኃኒቱን ያውቁት ነበር፤ በእጃቸውም ይዘውት ነበር። ለጥቂት ዓመት ትሠራለች ተብላ የታሰበች መኪና ስድሳ ዓመት ትኖራለች ብሎ ማን ይገምታል? በበኩሌ አልወቅሳቸውም፤ ግን ከመኪናይቱ ሥር ተኝቼ የዝገት ቅርፊት ዓይኔ ውስጥ በወደቀ ቁጥር ያቺን ውሳኔ አስታውሳት ነበር።

ነገሩ በእርግጥም ከብረት እጦት የመጣ ስለመሆኑ ማስረጃ የሚሆን አንድ ምሳሌ ከቤልጅግ አለ። በ1952 ሚነርቫ የተባለው የቤልጅግ ኩባንያ ላንድሮቨርን በፈቃድ ለአገሩ ጦር ሠራዊት መሥራት ሲጀምር፣ የላይኛውን አካል የሠራው ከብረት ነበር። መሐንዲሱ የሚሠራው ባለው ነገር ነው፤ ሶሊኸል አሉሚኒየም ነበረው፣ ሚነርቫ ብረት ነበረው።

አሉሚኒየሙ ደኅና ነው ስል ጥቂት አበዛሁ። ከብረት ጋር በተጋጠመበት ቦታ ሁሉ፣ በተለይም በበሮቹ የታችኛ ጠርዝና በስፖንዳው ወለል፣ ላሜራው አብጦ ነጭ ዱቄት ሆኗል። ዝገት አይደለም፤ ዝምድናቸው የራቀ ሁለት ብረቶች በእርጥበት ሲገናኙ የሚፈጠረው የኤሌክትሪክ ጅረት አንዱን ለሌላው መሥዋዕት ሲያደርገው ነው። በዚህ ጋብቻ የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው።

የዚህ በሽታ ታሪክ ከመኪና ይቀድማል። በ1761 የእንግሊዝ ባሕር ኃይል አላርም የተባለችውን የጦር መርከቡን የእንጨት ሆድ፣ ከእንጨት በሊ ትልና ከባሕር አረም እንዲጠብቃት ብሎ በስስ መዳብ አለበሳት፤ መዳቡንም በብረት ምስማር መታው። መርከቢቱ ወደ ካሪቢያን ባሕር ዘምታ ከተመለሰች በኋላ በ1763 ስትመረመር፣ መዳቡ በየቦታው ተገንጥሎ ተገኘ፤ ምስማሮቹ ተበልተው ነበር። ጥቂት ምስማሮች ግን ደኅና ነበሩ። እነሱም መዳቡ ተጠቅልሎበት የመጣው ቡናማ ወረቀት ሳይነሣ ቀርቶ፣ በምስማሩና በመዳቡ መካከል የገባባቸው ናቸው። ሁለቱ ብረቶች እንዳይነካኩ ማድረግ መድኃኒት መሆኑ የታወቀው እንግዲህ በሠራተኞች ቸልተኝነት ነው፤ ያውም ጋልቫኒ ስለ እንቁራሪቶቹ እግር ከመጻፉ ወደ ሠላሳ ዓመት ቀድሞ። በ1824 ሃምፍሪ ዴቪ የመርከቦቹን መዳብ ዚንክና ብረት በላዩ ላይ በመለጠፍ ከመበላት ሊያድነው ችሎ ነበር። ነገር ግን የዳነው መዳብ መርዙን ወደ ውኃው መልቀቁን ስላቆመ፣ የባሕሩ አረምና ቀንድ አውጣ ሁሉ እየመጣ ተጣበቀበትና መርከቦቹ ከበዱ። ይህን ታሪክ ለወዳጄ ስነግረው በጣም ሳቀ፤ የሒሳብ መዝገብም እንዲሁ ነው፣ አንዱን መስመር ስታስተካክል ሌላው ይዛነፋል አለ።

የእኛ ቡናማ ወረቀት ካላማዳሪያ ሆነ። ከጎማ ሠሪዎች ያረጀ የከባድ መኪና ካላማዳሪያ ገዝተን በመቀስ እየሸነሸንን፣ አሉሚኒየም ብረት በሚነካበት መጋጠሚያ ሁሉ መካከል አስገባን። ቡሎኖቹንም ግራሶ ቀብተን አጠበቅን።

ስለ ቃላቱ አንድ ነገር ልበል። አንባቢ እስካሁን እንዳስተዋለው፣ መኪናይቱ እንግሊዛዊት ብትሆንም የምትፈታውና የምትገጠመው በጣሊያንኛ ነው። ካላማዳሪያ፣ ቸርኬ፣ ካንዴላ፣ ባሌስትራ፣ ቴስታታ፣ ካቻቢቴ፣ ሁሉም የጣሊያን ጋራዦች ትተውልን የሄዱ ናቸው። ሶማሌ ተራ ሄጄ የፋብሪካውን መጽሐፍ በመጥቀስ በእንግሊዝኛው ስም መለዋወጫ ብጠይቅ፣ ሻጩ በትዕግሥት ሰምቶኝ ሲያበቃ ወደ ወዳጄ ዞሮ፣ «ምን ፈልጎ ነው?» አለው። ወዳጄ በአባቱ ቋንቋ ነገረው፤ ዕቃው ወዲያው መጣ። ከዚያ ቀን ወዲህ ገበያ የሚሄደው እሱ ሆነ።

አሁን ወደማፍርበት ነገር እመጣለሁ። በግራው የሻንሲ ክንድ ላይ፣ ከኋላው ባሌስትራ ማንጠልጠያ ፊት ለፊት፣ አንድ ክንድ የሚሆን ጥፍ ነበር። አባቱ በአንድ ጉዞ ላይ ሻንሲው ሲሰነጠቅባቸው ሞጆ ከመንገድ ዳር ያስበየዱት ነው። ወፍራም፣ ጠርዙ ያልተስተካከለ፣ ብየዳው እንደ ድልህ ተዝረክርኮ የቀረ። እኔ ሳየው መቈረጥ አለበት አልሁ። ወዳጄ፣ «ሲበየድ መብራት የያዝሁት እኔ ነኝ፤ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ይቆይ» አለ። እኔም ስለ ጭነት አወራረድና ስለ ብየዳ ጥራት ረጅም ንግግር አደረግሁለት። ስሜትና መዋቅር ለየብቻ ናቸው የሚል ቃል ሳይቀር ከአፌ ወጥቷል። በመጨረሻ ተወኝ፤ አንተ መሐንዲሱ ነህ አለ።

በግራይንደር ቈረጥሁት። ጥፉ ሲነሣ ከሥሩ ያለው ብረት በግራሶ ታሽቶ እንደ አዲስ ያንጸባርቅ ነበር። በዚያው ቅጽበት ክንዱ ተንጣጣና መኪናይቱ በቆመችበት ድጋፍ ላይ ጐበጠች፤ በሩ ከምሰሶው ጋር ተጋጥሞ አልከፈት አለ። ከጥፉ አንድ ስንዝር ራቅ ብሎ፣ ከማንጠልጠያው ጀርባ መዶሻዬ ባልደረሰበት ቦታ፣ የፋብሪካው ብረት እንደ ወረቀት ሳስቶ ኖሯል። ሸክሙን ይዞት የነበረው የሞጆው ጥፍ ነው። ደኅናውን ቈርጬ በሽተኛውን ትቼዋለሁ። ተማሪ ሳለሁ መምህሮቻችን ደጋግመው ያስተማሩን፣ አንድን ነገር ከመዋቅር ውስጥ ከማውጣትህ በፊት ምን እንደተሸከመ እወቅ የሚለውን ነበር፤ ሥራ ላይም ለታናናሾቼ የምለው ይህንኑ ነው።

ወዳጄ አልተቈጣኝም፤ ቢቈጣኝ ይሻለኝ ነበር። መሣሪያውን ሰብስቦ ገባ፤ ሁለት ቅዳሜ ሳይጠራኝ ቀረ። ጊዜው መጋቢት ነበር፤ እናቱም ለግንበኛ ቀብድ ከፍለዋል።

በሦስተኛው ቅዳሜ በሰፈሩ በር እና መስኮት የሚሠሩ አንድ አዛውንት በያጅ ይዞ ጠበቀኝ። ሰውየው ከሥሯ ገብተው ብዙ ጊዜ ሳይናገሩ አዩ። ከዚያም ቀናነቱን በሲባጎ ከፊት እስከ ኋላ ለክተው፣ በክሪክ ቀስ በቀስ አነሷትና በሩ ተከፈተ። ዝርግ ላሜራ፣ ሦስት ሚሊሜትር፣ ከመርካቶ አስመጡ። የጎኑን ቅርጽ በካርቶን ቀድተው ሁለት ቈረጡ፤ ለላይና ለታች የሚሆን ሁለት ጠባብ ላሜራ ጨመሩ። አራቱን ከማዕዘን ብረት ባበጁት መያዣ አሰናድተው፣ ሙቀቱ እንዳያጣምመው አንዴ ከዚህ አንዴ ከዚያ ጥቂት ጥቂት እየዘለሉ በየዱት። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ዝም ብዬ አየሁ። እኚህ ሰው ስለ ሶሊኸል ሰምተው አያውቁም፤ በ1948 የተደረገውን ግን አንድ ሳያጐድሉ አደረጉት። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ለእሳቸውም ፕሬስ የላቸውም። ሻንሲው በከባድ መጭመቂያ የተሠራ ቢሆን ኖሮ፣ ያንን ቅርጽ በሰፈራችን ውስጥ ማንም መልሶ ሊያወጣው አይችልም ነበር፤ መኪናይቱም ያን ቀን በኪሎ ትሸጥ ነበር። ባለማግኘት የተሠራ ነገር፣ ያጣ ሰው እጅ ላይ ሲወድቅ መንገዱ አይጠፋበትም።

ሲጨርሱ፣ ያ የቈረጥሁት ጥፍ የት እንዳለ ጠየቁኝ። ከአጥሩ ሥር ካለው ቁርጥራጭ ውስጥ ፈልጌ አመጣሁላቸው። አገላብጠው አይተው፣ «ኢንጅነር፣ ይህ ብረት ምን በደለ?» አሉኝ። ጠርዙን አስተካክለው ከአዲሱ ላይ፣ ከቀድሞው ቦታው በየዱት። መብራቱን የያዘው ወዳጄ ነው።

የቀረው ሥራ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ቀላል ነበር፤ በረጅሙ አልተርክም። ባለአራት ሲሊንደሩ 2,286 ሴንቲ ሜትር ኩብ የቤንዚን ሞተር ተጣብቆ ነበር። በካንዴላዎቹ ቀዳዳ ናፍጣና ዘይት ጨምረን ሦስት ሳምንት ካቈየነው በኋላ፣ ከፊት በሚገባው የእጅ ማስነሻ ብረት ሁለታችን ተጋግዘን አዞርነው። የፍሬኑን ጎማዎች በሙሉ ለወጥን፤ የመብራቱን ገመድ አይጥ ስለበላው እንደ አዲስ ዘረጋን። የአዲስ አበባ አየር ከባሕር ጠረፍ አየር ሩብ በሚያህል የሳሳ ስለሆነ፣ በፋብሪካው መጽሐፍ መሠረት ያስተካከልነው ካርቡራቶር ጥቁር ጭስ አስወጣን፤ የቤንዚኑን መጠን በጆሯችን እየሰማን ቀነስነው። በሚያዝያ መጨረሻ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሞተሩ ሲነሣ፣ ዶሮዎቹ ከስፖንዳው ዘለው የጎረቤት አጥር ላይ ወጡ።

በእኛና በሌሎች መካከል ያለውን ልዩነት ለማሳየት አንድ ወሬ ልጨምር። በጃንዋሪ 2018 አምራቹ ኩባንያ፣ በ1948 በአምስተርዳም ካሳያቸው ሦስት የሙከራ መኪኖች አንዷ ከሶሊኸል ጥቂት ማይል ርቀት ላይ ከአንድ ቤት ግቢ ውስጥ ተጥላ መገኘቷንና በልዩ ባለሙያዎች ሊያድሳት መወሰኑን አስታወቀ። የተቻለውን ያህል የጥንት ዕቃዋንና ያረጀ ቀለሟን ሳይቀር እንደሚጠብቅም ገለጸ። መልካም ነው። ቀጥታ የእሷ ዘር የነበረው ሞዴል በሶሊኸል መሠራቱን ያቆመው በጃንዋሪ 29 ቀን 2016 ነው፤ ከ1948 አንሥቶ ቁጥሩ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሆኖ ነበር፤ የሁለት ሦስት ዓመቷ መሻገሪያ ስድሳ ስምንት ዓመት ቆየች ማለት ነው። እዚያ «ኦሪጂናል» የሚሉት ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን ነው። እኔም የሞጆውን ጥፍ እስክቈርጥ ድረስ እንዲሁ አስብ ነበር። አሁን ቢጠይቁኝ፣ በዚህች መኪና ላይ ታሪክ ያለበት ብረት የቱ እንደሆነ ለመናገር ከሶሊኸል ሞጆን አስቀድማለሁ፤ ይህ የአንድ ሰው አስተያየት ስለሆነ የሚከራከረኝ ባልደረባ ካለ ደስ ይለኛል።

ሻንሲውን አንቲሩጂን ቀባን፤ ከውስጡም የሞተር ዘይት ቃጠሎ አፈሰስንበት። በኋላው አግዳሚና በሁለቱ ክንዶች ዝቅተኛ ቦታዎች ላይ ደግሞ ፋብሪካው ከሠራቸው ሌላ ስድስት የውኃ መውጫ ቀዳዳዎች በሳን። በግንቦት ሦስተኛ ሳምንት መኪናይቱ በራሷ ኃይል ከግቢው ወጣች፤ እናቱ ከበሩ ላይ ቆመው እልል አሉ፤ ወዲያውም ግንበኞቹን ጠርተው መሠረት አስጀመሩ። ዛሬ ወዳጄ ቅዳሜ ቅዳሜ ለዚያው ግንባታ አሸዋና ብሎኬት ያመላልስባታል።

የሰኔ የመጀመሪያው ዶፍ የወረደ ዕለት ደወለልኝ፤ ከዝናቡ በኋላ ከሥሯ ገብቶ ቀዳዳዎቹን ሲያይ ነበር። አምስቱ ጥርት ያለ ውኃ ያንጠባጥባሉ፤ ስድስተኛዋ፣ ከጥፉ ሥር ያለችው፣ ደርቃለች። ነገ ሽቦ ይዤ እመጣለሁ አልሁት።